«ነፃ ነው» ካላችሁ ቁልፉን አትደብቁ

«በነፃ እየተማርክ ማስታወቂያ በዛብኝ ትላለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። በዛብኝ አላልኩም፤ ዋሸኝ ነው ያልኩት። የበዛውን እችላለሁ፤ የዋሸውን አልችልም።

ስለየትኞቹ ድረ ገጾች እንደማወራ ጊታር ወይም ፒያኖ ለመማር ኢንተርኔት ላይ የተንከራተተ ሁሉ ያውቃል። ኖታ የሚያድሉ፣ ኮርድ የሚያሳዩ፣ ስኬል የሚያስተምሩ፣ ጆሮ የሚያለማምዱ ናቸው። አስተማሪ መቅጠር ያልቻለ ስንቱ ተማረባቸው! ዛሬ ከእነዚሁ በአንዳንዶቹ ላይ አንዲት ገጽ የፒያኖ ኖታ ፍለጋ ስትገባ ትልቅ አረንጓዴ «ዳውንሎድ» የሚል ቁልፍ ይቀበልሃል። ከበላዩ ሌላ «ዳውንሎድ» አለ። ከሥሩ ደግሞ «ለመቀጠል እዚህ ይጫኑ» ይላል። እውነተኛው የቱ ነው? ጥግ ላይ በግራጫ ቀለም፣ በደቃቅ ፊደል የተወሸቀው! ትልልቆቹ ማስታወቂያ ናቸው። ስትነካቸው ኖታ አይመጣም፤ የፒዲኤፍ መቀየሪያ ጫን፣ ብሮውዘርህ ላይ ይህን ጨምር፣ ማሳወቂያ እንድንልክልህ ፍቀድ የሚል ይመጣል። ከፈቀድክማ «ስልክዎ በቫይረስ ተይዟል» የሚል የሐሰት ማስፈራሪያ ሲዘንብብህ ይከርማል።

«አስተዋይ ሰው አይሳሳትም» ይላሉ። አስተዋዩማ አይሳሳት፤ ገጹ የተከፈተው ለጀማሪ አይደለም እንዴ? ጀማሪ ማለት ገና ዶን ከሬ ያልለየ ሰው ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ጡረታ ወጥተው የልጅነት ምኞታቸውን ሊሞክሩ የተቀመጡ እናት ናቸው። የሐሰት ቁልፍ የቆመው እነሱ እንዲሳሳቱ ታስቦ ነው፤ ሲሳሳቱ መልሶ እነሱን መውቀስ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው። ልጁ በሞባይል ዳታ የሚማር የእኛ ሀገር ልጅ ከሆነ ደግሞ ከመናደድ በላይ ነው፤ ለትምህርት የገዛው ፓኬጅ ለማይረባ ፋይል ያልቃል።

የሚያንገበግበው ሌላም አለ። ባህ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1750 ነው፤ ቤትሆቨን በ1827። ድርሰታቸው ዛሬ ባለቤት የለውም፤ የፈለገ ሁሉ ይጫወተዋል። በባህና በአንድ ሕፃን መካከል ይህን የውሸት ቁልፍ ማን አቆመው?

«እኛ አይደለንም፤ ማስታወቂያውን የሚልከው ጉግል ነው» ይላል ባለገጹ። ግማሹ እውነት ነው። ባለገጹ ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ሰው ገጹን ሲከፍት በዚያች ቅጽበት ቦታው በኮምፒውተር ይጫረታል፤ ያሸነፈው ማስታወቂያ ይገባበታል። ባለገጹ እያንዳንዱን አስቀድሞ አያየውም። ይሁን። ቦታውንስ ማን መረጠ? ከማውረጃው አጠገብ፣ አውራ ጣት በማያሳልፍ ርቀት፣ ክፍቱን የተወው ጨረታው አይደለም። የጉግል ደንብ ራሱ ማስታወቂያን ከገጹ ይዘት ጋር አምታቶ ማስቀመጥንና ሰው በስሕተት እንዲነካው ማድረግን ይከለክላል። አሳሳች ማስታወቂያ ያገኘ ባለገጽም ገብቶ የሚያግድበት መንገድ ተሰጥቶታል። ገንዘቡ ሲመጣ «የእኛ ገጽ»፣ ጥፋቱ ሲመጣ «የጉግል ማስታወቂያ» አይሆንም። አንዱን ምረጡ!

ጉግልም እጁን ታጥቦ አይወጣም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2016 የሐሰት ማውረጃ ቁልፍ ያለባቸውን ገጾች ማስጠንቀቂያ እያሳየ እንደሚያግድ አውጆ ነበር። በ2023 ብቻ ከ5.5 ቢሊዮን በላይ ማስታወቂያ እንዳገደ ወይም እንዳነሳ ራሱ ዘግቧል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ያመለጠው ማስታወቂያ የደረሰበት ልጅ ግን በ5.5 ቢሊዮኑ ምንም አልተጠቀመም። ጨረታውን የሚያካሂደውም፣ ኮሚሽኑን የሚወስደውም፣ ወንጀሉን የሚቆጣጠረውም አንድ ድርጅት ሲሆን ከዚህ የተሻለ የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

«ታዲያ በምን ይኑሩ? ሰርቨር እኮ ኪራይ አለው።» ይህ ጥያቄ ክብር ይገባዋል። እንዲኖሩማ እንፈልጋለን፤ ስለምንወዳቸው ነው የምንቆጣው። እነዚህን ማኅደሮች የሞሏቸው አብዛኛውን ጊዜ ተማሪዎችና አፍቃሪዎች ናቸው። «ኦልጋ» ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የጊታር ማኅደር ሰዎች በጆሯቸው እየሰሙ፣ ኮርዱን እየተየቡ የላኩት ነበር፤ በ2006 የተዘጋውም አሳታሚዎች የመብት ጥያቄ አንሥተውበት እንጂ ተማሪ ጠልቶት አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ኖታ የሚያድለውን የፔትሩቺን የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ኤድዋርድ ጉዎ ራሱ ያኔ ተማሪ ነበር። በ2007 ከቪየናው አሳታሚ ዩኒቨርሳል ኤዲሽን ደብዳቤ መጥቶበት ዘጋው፤ በ2008 እንደገና ተከፈተ። ያ ቤተ መጻሕፍት ኋላ ገንዘብ ሲያስፈልገው አባልነትን በክፍያ አቀረበ፤ አባል ያልሆነው ደግሞ ከማውረዱ በፊት ጥቂት ሰከንድ እንዲጠብቅ አደረገ። መጠበቅ ያሰለቻል፤ ነገር ግን ሂሳቡ በግልጽ ተነግሮናል። የጊታር መምህሩ ጀስቲን ሳንደርኮም ትምህርቱን በነፃ ለቅቆ የቻለ እንዲረዳው ጠየቀ፤ መጽሐፍም ሸጠ። ማስታወቂያ ካስፈለገም አስተዋውቁ! የጊታር ክር ሻጭ፣ ፒያኖ የሚቃኝ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ስሙን ጽፎ ይምጣ። ማስታወቂያ የሚመስለውን ማስታወቂያ ማን ጠላ?

«የማስታወቂያ ማገጃ ጫንና ተገላገል» የሚሉኝም አሉ። ማገጃው አጭበርባሪውን ሲያስቀር ሐቀኛውንም አብሮ ያስቀራል። ከዚያ ስሙን ጽፎ የሚያስተዋውቀው ተመልካች ያጣል፤ ሐቀኛው ባለገጽ ይከስራል፤ የሚቀረን የባሰው ነው። ማገጃ የሚጭነውን ተማሪ አልወቅሰውም፤ ወደዚያ የገፋው የሐሰቱ ቁልፍ ነው።

ባለገጾች ሆይ፣ በማውረጃው ዙሪያ ያለውን ቦታ ባዶ አድርጉት። ገንዘብ ካጠራችሁ ጠይቁን። አንተም ወላጅ፣ ለልጅህ ንገረው፦ የኖታ ፒዲኤፍ ለማውረድ ሌላ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። ጫን ካሉት ይዝጋው፤ ማሳወቂያ ልላክልህ ካሉት አይፍቀድ፤ በማስታወቂያው ጥግ ካለችው ትንሽ ምልክት ገብቶም ይጠቁምባቸው።