አንጎል በአበል

እንኳን ደስ ያለን! ድርጅቶቻችን አዲስ ሐሳብ የነጠፈባቸው ለምን እንደሆነ በመጨረሻ ታውቋል። ጥፋቱ የአለቃ አይደለም፤ የመመሪያም አይደለም፤ የቀኝ አንጎል ነው። ሠራተኛው ዕድሜ ልኩን ግራውን ብቻ ሲያሠራ ቀኙን ጦም አሳድሮታል። ደግነቱ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም፤ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል፣ ለሁለት ቀን የሚሰጥ የፈጠራ ስልጠና ነው፣ ከነአበሉ።

ለነገሩ የአንጎል ተራ ደርሶ ነው። መጀመሪያ ቢፒአር መጣ፤ የሥራ ሂደታችንን ከሥሩ ይለውጠዋል ተባለ፤ የተለወጠው የወንበሮቹ አቀማመጥ ሆነ። የሠራተኛ መመዘኛው ቢኤስሲ ተከተለ፤ ሁላችንንም መዝኖ ሁላችንንም «በጣም ጥሩ» አለን። ከጃፓን ድረስ ካይዘን መጣ፤ ጠረጴዛችንን አጸዳን፣ መሳቢያችን ላይ ስም ለጠፍን። ሳይነካ የቀረው ከአንገት በላይ ያለው ብቻ ነበር፤ አሁን ወደዚያ ተወጥቷል።

አዳራሹ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ለሁለት የተከፈለ አንጎል ይጠብቃችኋል። ግራው ግራጫ ነው፤ ቁጥርና ሰንጠረዥ ሞልቶታል። ቀኙ ባለ ሰባት ቀለም ነው፤ ኖታ፣ ብሩሽና ቢራቢሮ ይበሩበታል። አሰልጣኙ የቀይ ብርሃን መጠቆሚያውን ከወዲህ ወዲያ እያሻገረ «ውድ ሰልጣኞች፣ እናንተ የትኛው ናችሁ?» ሲል የሒሳብ ክፍል ሰዎች አንገታቸውን ይደፋሉ፣ የማርኬቲንግ ሰዎች ኮሌታቸውን ያስተካክላሉ። ቀጥሎ ሁሉም ተነሥቶ በግራ እጁ ቀኝ ጆሮውን፣ በቀኝ እጁ አፍንጫውን ይይዛል፤ ሁለቱ አንጎሎች እንዲተዋወቁ ነው። የሦስት ልጆች አባት የሆነ የግዢ ኃላፊ በዚህ ሁኔታ ፎቶ ተነሥቶ በድርጅቱ ፌስቡክ ላይ ይወጣል።

ሥዕሉ መነሻ የሌለው አይምሰላችሁ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ (ከዚህ በኋላም ዓመቱ ሁሉ በእነሱው አቆጣጠር ነው) ሮጀር ስፔሪ የተባለ ሳይንቲስት ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ሕሙማንን አጠና። ከባድ የሚጥል በሽታቸው እንዲታገሥላቸው ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ በቀዶ ሕክምና የተቆረጠባቸው ነበሩ። ከእነሱ የተማረው ብዙ ነው፤ በ1981 ኖቤል ተሸልሞበታል። አንዳንድ ሥራ፣ ለምሳሌ ንግግር፣ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ወደ ግራ ማጋደሉ እውነት ነው። ነገር ግን የእኛ ሒሳብ ሠራተኛ ደመወዙ ቢቆረጥ እንጂ ድልድዩ አልተቆረጠም። በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል መርምረው፣ በጠቅላላው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያደላ «የግራ አንጎል ሰው»፣ «የቀኝ አንጎል ሰው» የሚባል ነገር አጡ። ምን ዋጋ አለው? እነሱ መጠቆሚያ አልያዙም።

ከሻይ እረፍት በኋላ ደግሞ ከአንጎላችን የምንጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ መሆኑ ይነገረናል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከምንፈጀው ጉልበት 20 በመቶ ገደማውን ይበላል። ዘጠኝ እጁ ሥራ ፈትቶ ይህን ያህል የሚቀለብ ከሆነ፣ አንጎል ሳይሆን የቦርድ አባል ነው።

ምሳ ላይ ሞዛርት ይከፈታል፤ ፈጠራ ያፈልቃል ተብሎ። በ1993 በታተመች አጭር ጥናት 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ለ10 ደቂቃ ሞዛርት ከሰሙ በኋላ የታጠፈና የተቆረጠ ወረቀት ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል የመገመት ዓይነት ፈተና ላይ ትንሽ ተሻሽለው ነበር፤ መሻሻሉም ከሩብ ሰዓት አልዘለለም። ይህችን ይዘው የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ገዥ በ1998 ለአራስ ሕፃናት ሙዚቃ መግዣ 105,000 ዶላር ጠየቁ። እኛ ግን አንስቅባቸውም፤ ወረቀት ማጠፍ ለመሥሪያ ቤት የሚናቅ ችሎታ አይደለም።

ከሁሉ ተስፋ የሚሰጠኝ የዓሣው ነገር ነው። በ2009 ክሬግ ቤኔት የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሞተ ሳልመን ዓሣ ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት፤ በፎቶው ያሉት ሰዎች ምን ተሰምቷቸው እንደሆነም ጠየቁት። ከሬሳው አንጎል ውስጥ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል ምልክት በራ! ሰዎቹ ሊሉ የፈለጉት፣ ስሌቱ በወጉ ካልታረመ ማሽኑ ከሬሳም ሐሳብ ያወጣል ነው፤ በ2012 የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኙበት። እኔ ግን የሐሳብ ገምጋሚ ኮሚቴያችን ትዝ አለኝ። ለዓሣው ከበራ ለእነሱም ይበራ ይሆናል።

አሜሪካ ውስጥ በዚህ የአንጎል ንግድ የሚጠየቅ ሰው አለ። ሉሞሲቲ የተባለውን የአንጎል ጨዋታ የሚሸጠው ኩባንያ፣ ጨዋታው በሥራና በትምህርት ውጤታማ ያደርጋል ብሎ ያለ በቂ ማስረጃ በማስተዋወቁ በ2016 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሥጋት የለም። ስልጠናው ምን አመጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው የመገኘት ማረጋገጫ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ነው። ፊርማው ካለ አበሉ አለ፤ አበሉ ካለ አንጎሉ ሠርቷል።

ታዲያ ሁለተኛው ቀን ላይ አንዲት የመስኮት ሠራተኛ ስልጠናውን አምና ትነሣለች። «ደንበኛው ስሙን ሦስት ቅጽ ላይ ከሚጽፍ በአንዱ ቢያልቅለትስ?» ትላለች። አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ዓይን ሁሉ ወደ መምሪያ ኃላፊው ይዞራል። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው «መልካም ሐሳብ ነው፤ ሆኖም የፖሊሲ ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ መድረክ ውጭ ይታያል» ይላሉ። አሰልጣኙ ፈጠን ብሎ ፍሊፕ ቻርቱ ላይ «ፓርኪንግ ሎት» ከሚለው ርዕስ ሥር ይጽፈዋል። ሐሳቡ እዚያው ይቆማል፤ ማታ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ለሆቴሉ ጽዳት ይቀራል። ሰልጣኞቹ ግን ወደ ቡድን ሥራቸው ይመለሳሉ፦ «አንድ ጡብ ለምን ለምን ሊያገለግል ይችላል? ሃያ አዲስ መልስ ስጡ።» አንድ ቅጽ ማስቀረት ያልተፈቀደለት ሰው ለጡብ ሃያ አገልግሎት ይፈጥራል። ከሃያው አንዱ የመምሪያ ኃላፊውን ስለሚመለከት ጮክ ተብሎ አይነበብም።

እረፍት ላይ ያችኑ ሠራተኛ ማኪያቶዋን ይዛ ስሟት። ሦስተኛው ቅጽ ለማን እንደሚሄድ የሚያውቅ እንደሌለ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተከምሮ አይጥ እንደሚበላው፣ ደንበኛው የሚማረረው የት ላይ እንደሆነ አንድ በአንድ ትነግራችኋለች። አጠገቧ ያለው ሹፌር ደግሞ ነዳጁ የት እንደሚባክን ይጨምርበታል። ደረት ነፍተን በምሁራዊ ቋንቋ የምንፈልገው ፈጠራ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሳምቡሳው ጋር ቀርቧል። ደወሉ ሲደወል ሁሉም አፉን ጠርጎ፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ይገባል።

ስለዚህ አሰልጣኙ በአንድ ነገር ልክ ነው፤ የሠራተኛው አንጎል በእርግጥ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ስብሰባ ላይ የሚናገረው፣ ሌላው ቡና ላይ የሚናገረው ነው። በመካከላቸው ያለውን ድልድይ የቆረጠው ግን ሐኪም አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ሐሳብ ሰጥቶ ሳያስበው ወደ ቅርንጫፍ የተዛወረው ባልደረባ ታሪክ ነው። ያንን ታሪክ የሰማ ሰው ሞዛርት ቢያዘንቡለት አይናገርም።

ይህ እንዲሁ በደረቁ ለአለቃ የሚነገር ነገር እንዳልሆነ ይገባኛል፤ የአንጎል ወሬ ያስፈልገዋል። በ2008 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ደካማ ማብራሪያ ላይ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ የአንጎል ወሬ ጣል ሲደረግበት ባለሙያ ያልሆነ ሰው ይበልጥ አጥጋቢ አድርጎ እንደሚቀበለው አሳይተዋል። «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሠራተኛው እርስዎን ይፈራል» ብሎ ደረሰኝ መቁረጥ አይቻልም። «የሠራተኛው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ በቂ መነቃቃት ይጎድለዋል» ከተባለ ግን ቅድሚያ ክፍያው በዚያው ሳምንት ይለቀቃል።

እኔም ከገበያው ልግባና ስልጠና ልሽጥ። ሆቴል አያስፈልገውም፤ ሰልጣኙም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የመምሪያ ኃላፊው። ትምህርቱ ሦስተኛውን ቅጽ ማስቀረት ነው፤ ፈተናው ደግሞ ሐሳቡን ያመጣችው ሠራተኛ ከስድስት ወር በኋላ እዚያው መስኮት ላይ መገኘቷ። ሰርተፊኬቱን በነፃ እሰጣለሁ። አበል ግን ስለሌለው የሚመዘገብ እንደማይኖር አውቃለሁ።