የነፍስ ኄር አቶ ዞሮ ዞሮ ዜና ዕረፍትና የሕይወት ታሪክ

ክቡራን ለቀስተኞች፣ የእድር ዳኞች፣ ካህናት አባቶችና ሼሆች፣ እንዲሁም ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ንፍሮው ሳይበስል የደረሳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤

ሞት በሥጋ ለባሽ ሁሉ ላይ የተጻፈ ዕዳ መሆኑን ብናውቅም፣ ዛሬ በዚህ ድንኳን ሥር ያሰባሰበን ኀዘን ከሌላው ኀዘን የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ሟቹ በመዋዕለ ዘመናቸው ሁሉ ጥድፊያ የሚባል ነገር በአጠገባቸው ያላለፈ፣ የአንድ ቀኑን ጉዞ በሁለት ቀን መጨረስን እንደ ጨዋነት ይቈጥሩ የነበሩ ሲሆኑ፣ ሥርዓተ ቀብራቸው ግን ከምሳ በፊት እንዲያልቅ እድሩ ወስኖ፣ እኔንም የሕይወት ታሪካቸውን በአምስት ደቂቃ አንብቤ እንድወርድ አዝዞኛል። ለሌላ ሟች ቢሆን እታዘዝ ነበር።

ነፍስ ኄር አቶ ዞሮ ዞሮ፣ ማለት ፈጣኑን አውራ ጎዳና ትቶ በመንደሩ፣ በእንሰቱና በተራራው መካከል እየተዟዟሩ ወደ ሀገር ቤት የመግባት ልማድ፣ ከአባታቸው ከአቶ በቅሎ መንገድ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ጀፎረ በጉራጌ ምድር ተወለዱ። ወይዘሮ ጀፎረን የማያውቅ እንግዳ በመካከላችን ቢኖር፣ እርስዋ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት በተሠሩ የሣር ክዳን ቤቶች መካከል የተዘረጋች፣ ሣር የለበሰች ሰፊ የመንደር ጎዳና መሆንዋን ይወቅ፤ ጥጃ የሚግጥባት፣ ልጅ የሚሯሯጥባት፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚዳኝባት፣ ደመራ የሚበራባት፣ እንደ ዛሬውም ያለ ለቅሶ የሚቀመጥባት ስትሆን፣ አጥሩን ገፍቶ ከእርስዋ አንድ ክንድ የሚቈርስ ጎረቤት በአባቶች ሕግ በቂጫ ይጠየቅባታል። የሌላው ዓለም መንገድ ሰውን ለማሳለፍ ሲሠራ ጀፎረ ሰውን ለማዋል የተሠራች መንገድ ናትና፣ ልጅዋ አቶ ዞሮ ዞሮም ቢዘገዩ በእናታቸው ወጥተው ነው።

ሟቹ በሥራ ዘመናቸው ያገለገሉት ሁለት ትልልቅ መሥመሮችን ነበር። ከአለም ገና በስተግራ ታጥፈው ወደ ቡታጅራ የወረዱ እንደሆነ፣ አዋሽን በሚሻገሩበት በመልካ ቁንጡሬ ቆመው የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበትን ስፍራ ሳያዩ አያልፉም ነበር፤ ይህ ስፍራ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈ ሲሆን እርሳቸው ግን መዝገቡን ሳይጠብቁ ያከብሩት ነበር። ከዚያም ወደ ጎን ተገንጥለው፣ ከአለት ተፈልፍላ የታነጸችውንና ትውፊት ለንጉሥ ላሊበላ የሚሰጣትን አዳዲ ማርያምን ተሳልመው፣ እንደገና ተመልሰው በጢያ ይወርዳሉ። በጢያ ሠላሳ ስድስት የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ ሠላሳ ሁለቱ ሰይፍና ፍቺው ያልታወቀ ምልክት የተቀረጸባቸው ሲሆኑ፣ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በድንጋዮቹ ሥርም መቃብር ስላለ፣ አቶ ዞሮ ዞሮ ስማቸውን በማያውቋቸው ሙታን ፊት ቆባቸውን አውልቀው ይቆሙ ነበር። ዛሬ በእርሳቸው ቀብር ላይ ስንት ሰው ሞተር ሳያጠፋ እንደ ቆመ ከድንኳኑ በስተውጭ ማየት ይቻላል።

በሌላው ወገን፣ ጣሊያን በጀመረው በጅማ መንገድ በወሊሶ አልፈው ወልቂጤ ከደረሱ በኋላ፣ እዚያ ደረስሁ ብለው አይቀመጡም፤ ወደ ጉብሬና ወደ እምድብር ይዞራሉ። እውነተኛ ግብራቸው የሚታየውም በዚህ ነበር። ለመስከረም 16 ዕርድ ለመድረስ የተጫነ ቅጥቅጥ ግማሽ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲሰጥም፣ ረዳቱ ሱሪውን ጠቅልሎ ክሪኩን ከመቀመጫ ሥር ሲጎትት፣ የመርካቶው ነጋዴ አዲስ ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ሲገፋ፣ ከእንሰቱ ውስጥ አንዲት እናት ጀበናዋን አንጠልጥላ ብቅ ትልና፣ ቅቤና ጨው የገባበትን ቡና እያቀረበች «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ትጀምራለች። ቆጠራው ሰባት ቤት ሳይሞላ ዝምድና ይገኛል፤ ዝምድና ከተገኘም ክትፎ ሳይቀመስ መሄድ ነውር ነውና፣ ጎማው በወጣ ጊዜ የሚሳፈር ሰው ይታጣል። ሹፌሩ ክላክሱን ቢነፋ ቢነፋ የሚወጣለት የለም፤ እርሱም በመጨረሻ አጥፍቶ ይገባል።

ስለ አሟሟታቸው ብዙ ወሬ ይናፈሳል። አንዳንዱ መንግሥት ገደላቸው፣ ሌላው የቻይና ኩባንያ ገደላቸው ይላል። በዚህ ለቅሶ ላይ እውነቱ መነገር ካለበት፣ የገዳያቸውን ደመወዝ ያዋጣነው እኛው ነን። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ከላባቸው ከፍለው ወደ ሀገራቸው ጥርጊያ ሲያወጡ፣ ከመሪዎቻቸው አንዱ ጀነራል ወልደ ሥላሴ በረካ ነበሩ፤ በቡታጅራ በኩልም የአለም ገናውን ጥርጊያ እስከ ወላይታ ሶዶ ለማድረስ ቀኛዝማች ተካ ኤገኖ የደከሙት ድካም የሚዘነጋ አይደለም። እነዚህን አባቶች በነፍሰ ገዳይነት የሚከስ አፍ ከኔ ዘንድ አይወጣም፤ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ዘቢዳርን የወረደ ሰው ስለ ተራራው ግርማ ሲናገር ተሰምቶ አይታወቅም፤ የመልክዓ ምድር ውበት የሚታየው በጤና ለሚሄድና ለሚመለስ ሰው ነው። እነርሱ የፈለጉት ሀገራቸው መድረስን ነበር፤ መድረሱ በቀለለ መጠን መዋሉ እንደሚያጥር ግን ከኮሚቴው አንድም ሰው በቃለ ጉባኤ አላስያዘም።

ሕመሙ የጸናባቸው ግን በ2007 ዓ.ም. መስከረም ነው፤ የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ በስድስት መሥመር፣ በአጥር ተከልሎ፣ በክፍያ በተከፈተ ጊዜ፣ በሬ የማይሻገርበት፣ ባለ በርበሬ የማይቆምበት፣ የማን ልጅ ነህ የሚል የማይገኝበት ጎዳና በኢትዮጵያ ምድር መታየቱን ሰምተው ውኃ ጠይቀው ጠጡ ይባላል። ወንድሙ የሞጆው መንገድ ወደ መቂና ወደ ባቱ ሲወርድ ደግሞ፣ ለቡታጅራ ሰው በምሥራቅ በኩል ሌላ በር ተከፈተና፣ ለማረቆ በርበሬ ብለው ጎራ የሚሉት ደንበኞቻቸው አነሱባቸው። ቀጥሎ በስልክ ውስጥ የምትናገረው ሴት መጣች፤ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ማለት እንጂ «ውረድና ቡና ጠጣ» ማለት አልተማረችም። በመጨረሻም፣ ፌዙን ለጊዜው ትተን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «መንገዱ ሰላም ነው?» ሳይባባል ከዋናው አስፋልት የሚወጣ ሰው መጥፋቱ እርሳቸውን ከሁሉ ይልቅ ጎዳቸው፤ ፍርሃት ያለበት ሰው ዳገት ላይ መኪና አቁሞ ሸለቆ አይመለከትም።

ነገር ግን አንድ ግርምት ሳልናገር አልወርድም። ወልቂጤና ቡታጅራ በአሞራ በረራ 70 ኪሎ ሜትር የማይራራቁ፣ አንዱ የጉራጌ ሌላው የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆኑ ከተሞች ናቸው፤ በመካከላቸውም ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ዘቢዳር ቆሟል። ሟቹ በሕይወት ሳሉ በጉመር፣ በአረቅጥ በኩል፣ ብርዱን በጋቢ እየመከቱ ያቋርጡት ነበር። አስፋልት ካልረገጠ የማይሄደው የዛሬ ሰው ግን ከወልቂጤ ወደ አለም ገና ተመልሶ፣ ከዚያ ወደ ቡታጅራ ወርዶ፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳና «ቀጥታ መጣሁ» ይላል። ዞሮ ዞሮ ከቤት የሚለውን ተረት ሟቹ በስማቸው ተሸክመው ሲኖሩ ፌዝ ይደርስባቸው ነበር፤ እርሳቸው ሲሞቱ ግን ዙረቱ ይብሱን ረዘመ።

ከባሕር ማዶ የኀዘን መልእክት ደርሶናል። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዳቸው አውራ ጎዳናው ሩት 66 በ1919 ዓ.ም. ተወልደው፣ በሰኔ 1948 በወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ ተዳክመው፣ በ1977 ዓ.ም. ከመንገድ መዝገብ የተሰረዙ ናቸው፤ ዛሬ ግን አሮጌ ቅሪታቸውን ለማየት ቱሪስት ይሰለፋል አሉ። ከሞት በኋላ የሚመጣ ክብር ለአቶ ዞሮ ዞሮም ይገኝ እንደሆነ እናያለን፤ እኔ ግን ለሟች ከሚታተም ካናቴራ ይልቅ ለቋሚ የሚቀርብ ቡና ይሻለኛል።

የቀብሩ ስፍራ ትናንት ማታ ሽማግሌዎችን አከራክሮ ነበር። ወልቂጤዎች በኛ በኩል ይረፉ፣ ቡታጅራዎችም የለም በኛ በኩል ሲሉ ቆይተው፣ በመካከል በዘቢዳር ጫፍ እንዲሆን ሁሉም ተስማማ፤ ሣጥኑን በዳገቱ የሚያወጣ መኪና ግን ከሁለቱም ወገን አልተገኘም፤ አንዱ ጎማዬ አዲስ ነው አለ፣ ሌላው ማታ አዲስ አበባ ስብሰባ አለብኝ አለ። ስለዚህ ሣጥኑ በትከሻ ይወጣል፤ የሚችል ይከተል፤ በየመንደሩ ጀፎረ ላይ ማረፊያ አለ፤ በእያንዳንዱም ማረፊያ ካህኑ ፍትሐት፣ ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ስለ ፍጥነት የሚነሣ ቅሬታ ተቀባይነት የለውም።

ተዝካሩ በዐርባኛው ቀን እዚሁ ይወጣል። የእድሩ ጸሐፊ እንዳስታወቀው፣ ሁሉም ጠዋት መጥቶ ማታ ስለሚመለስ ለአዳሪ እንግዳ ፍራሽ አልተከራየም።