ድሮንን ወደ ላንጋኖ ስለመውሰድ፤ ሐተታ ከነአንድምታው

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም፣ ነዋሪዎቻቸው እስከ ዛሬ ያልተስማሙበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ቤተሰቡ ሃይሩፍ ተከራይቶ ውኃ ዳር ሊዝናና ሲወርድ፣ ከአሜሪካ የሚመጣው የአክስት ልጅ ድሮኑን ይያዝ ወይስ ይቅርበት? ነገሩ ቀላል የሚመስለው ላልመረመረው ነው። እኛ እንደ አንድምታ መምህራን ልማድ የሚጋጨውን በ«አንድም» እያስታረቅን እንሄዳለን።

መጀመሪያ ውኃው ይታወቅ። ባሕር ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የለንም። ይህ ግን ምርምሩን አያፈርስም፤ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይልም ባሕር በሌለበት እንደገና ተቋቁሟልና ከበላይ የመጣ አብነት አለን። ቡራዮች «ውኃው ገፈርሳ ነው» ይላሉ፤ ከደጃቸው ነው፣ ሰፊ ነው፣ ማለዳ ጉም ሲነሣበት ያምራል። ሆኖም ገፈርሳ የአዲስ አበባ አንጋፋው የመጠጥ ውኃ ግድብ ነው። ከተማው ሊጠጣው ባለው ውኃ ላይ ፎጣ ተከናንቦ መቅረብ ራሱ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ በላዩ ካሜራ ማብረር ደግሞ ማብራሪያውን የሚሰጡበትን ቢሮ ይቀይረዋል። አንድም ሱሉልታ ሜዳ ነው፤ ክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ ጥቅምት ላይ ግን ዳርቻው ከነውኃው ይጠፋል። አንድም ወንጪ ነው፤ ለሰበታ በወሊሶ፣ ለቡራዩ በአምቦ መንገድ አዲስ አበባን ሳይረግጡ ይደረስበታል፤ ብርዱ ግን ዋናን ከሐሳብ አያሳልፍም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁሉ ላንጋኖ ላይ ያርፋሉ። ውኃው ቡናማ ነው፣ ቢልሃርዝያ የለበትም ይባልለታል፣ አሸዋም አለው፤ ወጣቶቹም ያለ አንዳች ማመንታት «ቢች» ይሉታል።

ወደ መሣሪያው እንለፍ። በፈረንጅ 2019 የወጣው ማቪክ ሚኒ የሚባለው ድሮን 249 ግራም ነው፤ ከአንድ እንጀራ አይከብድም። ክብደቱ እዚያ ላይ የቆመው በአጋጣሚ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ የሚበር ድሮን 250 ግራም ከሞላ መመዝገብ አለበት። የአክስት ልጅ ይህን ሕግ በቃሉ ይዞታል፤ አውሮፕላን ውስጥም ሲደግመው ይመጣል። ቦሌ ላይ ግን «አንድ ግራም ይጎድለዋል» ብሎ ያለፈ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ድሮን ወደ አገር ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኢንሳ የምንለው ማለት ነው። ወረቀቱ ከሌለ ዕቃው ጉምሩክ ዘንድ ይቀመጣል፣ ባለቤቱም ሲመለስ ይረከበዋል። ቤተሰቡ ላንጋኖ ሲሰነብት ድሮኑ ቦሌ ሰንብቶ ይመለሳል፤ ከሁሉም በላይ ያረፈው እሱ ነው።

ሌላም ችግር አለ። አምራቹ ለዚህ ድሮን የፈቀደለት ጣሪያ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ነው። እንጦጦ ደግሞ 3200 ገደማ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ያስቀመጡት እንደሆነ ገና ሳይነሣ ከጣሪያው በላይ ተቀምጧል። ላንጋኖ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከዚህ ወገን ክርክር የለም።

«ለምን ያስፈልጋል?» ለሚለው የሚቀርበው መልስ «ከላይ ሲታይ ያምራል» የሚል ነው። ይህ ጥማት ከሠርግ የመጣ ይመስለኛል። የቪዲዮ ባለሙያው ሙሽሮቹን ሜዳ ላይ አቁሞ ድሮኑን ካስነሣ ወዲህ፣ ከላይ ያልታየ ደስታ እንዳልተደሰቱት ተቆጥሯል። አንድም ለጎረቤት ነው። ከሱሉልታ ላንጋኖ ለመድረስ እንጦጦን ተሻግሮ፣ በአዲሱ ገበያ ወርዶ፣ አዲስ አበባን ዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ በቃሊቲ መውጣት አለና፣ ይህን ሁሉ የቻለ ሰው መድረሱን የሚመሰክርለት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ድሮኑ መንገዱን አያሳይም፤ አሸዋውንና ጃንጥላውን ብቻ ነው። ለዚህም ይወደዳል።

አንድ ነገር ግን ያለ አንድም ይነገር። በእነዚህ ከተሞች ከሰሜን በጦርነት ተፈናቅሎ የመጣ እንግዳ ያለበት ቤት አለ። እሱ የድሮን ድምፅ ሲሰማ «ከላይ ሲታይ ያምራል» አይልም፤ ልጆቹን ይቆጥራል። እንዲህ ያለ ሰው መኪናው ውስጥ ካለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

ከሌለ ግን ውሳኔው የቤቱ እመቤት የእትዬ ነው። እሳቸው የሚመረምሩት ሕጉንም ከፍታውንም ሳይሆን የሃይሩፉን የኋላ መቀመጫ ነው፤ መሶቡ፣ ከሰሉ፣ ጀሪካኑ፣ ፍራሹ፣ በጉ። «በጉን እንኳ መንገድ ላይ እንገዛለን» ብለው ለድሮኑ ቦታ የሚለምኑ ወጣቶች አይጠፉም። እትዬም በጉ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ባትሪው አያልቅም፣ ግማሽ ሰዓት በርሮ አይወርድም ብለው ይረቱባቸዋል። በመጨረሻ ድሮኑ ከነሳጥኑ በእትዬ እግር ሥር ይጓዛል፤ ለመብረር ሳይሆን፣ መንገድ ላይ ለፍተሻ ሲያስቆሙ «ምንድን ነው?» ለሚል ሁሉ የአክስት ልጅ የ249 ግራሙን ነገር ከመጀመሪያው እንዲያስረዳ።