ጓዳ በሁለት ጎማ፦ የረጅም መንገድ ብስክሌተኛን ኑሮ የሚመረምር አጭር ጥናት

ስለ ረጅም መንገድ ብስክሌተኛ የሚጻፈው ሁሉ፣ ቋንቋው ቢለያይም፣ በአንድ ነገር ይስማማል፤ ሰውየው ነጻነት ፍለጋ የወጣ ነው። ከአለቃው፣ ከቤት ኪራዩና ከሚታጠበው ሳህን ተገላግሎ አህጉር በፔዳል ያቋርጣል፤ ሲመሽ ከመንገድ ወጣ ብሎ በዱር ውስጥ ድንኳኑን ተክሎ ያድራል። ይህ ጥናት አስተያየቱን በአክብሮት መርምሮ አልተቀበለውም። የእኛ መላ ምት የሚከተለው ነው፦ ድንኳን ጭኖ በዱር እያደረ የሚጓዝ ብስክሌተኛ ከጓዳው የወጣ ሰው አይደለም፤ ጓዳውን ይዞት የወጣ ሰው ነው። ሥራው ውሃ መቅዳት፣ ማብሰል፣ ማጠብ፣ ማንጠፍና ማጠፍ ነው። ደመወዝ የለውም፣ እሑድም አያርፍም። ብስክሌት መንዳቱ ደግሞ በእነዚህ ሥራዎች መካከል የሚወስዳት ዕረፍት ናት።

የመጀመሪያው ማስረጃ ጭነቱ ነው። በደንብ የተደራጀ ብስክሌት ከኋላ ሁለት፣ ከፊት ሁለት ከረጢት፣ መሪው ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ቦርሳ አለው። አንዱ ከረጢት ማድ ቤት ነው፤ ምድጃ፣ ድስት፣ ማንኪያ፣ የሳል መድኃኒት በነበረበት ብልቃጥ የተቀዳ ዘይት ይገኝበታል። ሁለተኛው መኝታ ቤት ነው፤ ስሊፒንግ ባግና በትንፋሽ የሚነፋ ፍራሽ ይዟል። ሦስተኛው ቁም ሳጥን ነው። አራተኛው ትርፍ ራጂ፣ ካቴናና ማስቲሽ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ነው። በዚህ አከፋፈል የጎደለው ሳሎን ብቻ ነው፤ እንግዳ ስለማይጠበቅ ጉድለቱ አሳሳቢ አይደለም። አንዳንዱ የመብራት ኃይል ሥራንም ደርቦ ይዟል። የፊት ጎማው እምብርት ውስጥ የምትገኝ ዲናሞ 3 ዋት ያህል ታመነጫለች፣ በዚያ ስልክ ይሞላል። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ ግን መብራት ይጠፋል። ቅሬታ የሚቀርበውም ለዚያው ለሚያለከልከው ሰው ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የቀኑ አወቃቀር ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብስክሌተኛው መልክዓ ምድር ማየት ያቆማል፤ ውሃ ማስላት ይጀምራል። ለእራት፣ ለቁርስ፣ ለመጠጥና ፊት ለማስነካት ቢያንስ አምስት ሊትር ያሻል፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ቀደም ብሎ ከቀዳ ዳገቱን ተሸክሞት ይወጣል፤ ከዘገየ ጥሬ ፓስታ ታቅፎ ያድራል። ከዚያ የማደሪያ ፍለጋው ይከተላል። ቦታው ደልዳላ፣ ከመንገድ የማይታይ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ የማያንዣብብበት፣ ሌሊት ጎርፍ የማይወርድበት መሆን አለበት፤ ይህን ሁሉ የሚያሟላው ቦታ ዘወትር ጨለማ ከወደቀ በኋላ ነው የሚገኘው። ሕጉም አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የኖርዌይ ሕግ በሰው መሬት ላይ ማደርን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ሜትር መራቅ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድም ከሁለት ሌሊት አለማለፍ ግድ ነው። ስኮትላንድ በ2003 ሕግ ይህንኑ መብት አጽድቃለች። እንግሊዝ ውስጥ ዳርትሙር በተባለ አንድ ተራራማ ስፍራ ድንኳን ተክሎ ማደር ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2025 ይቻላል ተብሎ ተፈርዷል። የሰው ልጅ ውጭ ለማደር ይህን ያህል ጠበቃ ያቆመበት ዘመን መኖሩን እንጠራጠራለን።

ሌሊቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ፓስታው ከተበላ በኋላ ድስቱ ውስጥ ግማሽ ኩባያ ውሃ ይፈስሳል፤ የተጣበቀው በጣት ይፋቃል። ውሃው ቢደፋ አውሬ ይስባል፣ ብክነትም ነው፤ ስለዚህ ጠንቃቃው ብስክሌተኛ እጣቢውን ይጠጣዋል። ከዚያ የቀን ካልሲው በቀረችው ውሃ ይታሻል፤ ጠዋት ከኋላ ጭነቱ ላይ በላስቲክ ታስሮ በነፋስ እየደረቀ ይጓዛል። በቤቱ የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያለው፣ ዕድሜውን ሙሉ እጣቢ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የቶማስ ስቲቨንስ ጉዳይ በተቃውሞ ይነሳብናል። ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ፣ የፊት ጎማው የሰው ደረት በሚደርስ ብስክሌት ዓለምን ዞሯል። የያዘው ካልሲ፣ ትርፍ ሸሚዝ፣ ድንኳንም ምንጣፍም የሚሆን የዝናብ ካፖርትና ሽጉጥ ነበር። እነሆ ያለ ጓዳ የተጓዘ ነጻ ሰው ይሉናል። መልሳችን፣ ጓዳው ሌሎች ሰዎች ቤት ነበር የሚል ነው። ማደሪያ ቤት ሲያገኝ እዚያ፣ ሲያጣ መንደርተኛ ቤት ያድር ነበር፤ አንዱን ክረምትማ ቴህራን ውስጥ የፋርስ ሻህ እንግዳ ሆኖ አሳልፎታል። ድስት ያልያዘው ድስት የሚያጥብለት ስለነበር ነው። ከዚህም አንድ ሕግ እናወጣለን፦ የጓዳ ሥራ አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ትከሻ ይዛወራል እንጂ። ሕጉ በእንስሳትም ላይ ይሠራል። በ1963 ከአየርላንድ እስከ ህንድ በብስክሌት የሄደችው ደርቭላ መርፊ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ብስክሌቱን ትታ ጆክ የሚባል በቅሎ እየጎተተች በእግሯ ተጓዘች። ጓዳው አልቀነሰም፤ ተሸካሚው ተለወጠ። የጆክን አስተያየት የጠየቀ የለም።

መላ ምታችን በጥብቅ የሚፈተነው ግን በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ከካይሮ ኬፕታውን የሚሄዱት ብስክሌተኞች እ.ኤ.አ. ከ2023 በፊት በመተማ ገብተው፣ በጎንደርና በባሕር ዳር አድርገው፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የአባይ በረሃ፣ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ቁልቁለትና ዳገት ጨርሰው፣ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሞያሌ ይወርዱ ነበር። በዱር ማደር ዱር ይፈልጋል። የደጋው ገበሬ ደግሞ ማሳውን እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ያርሳል፤ ብስክሌተኛው የሚደበቅበት ባሕር ዛፍ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ልጆች አሉት። ድንኳኑ ገና ሳይወጠር እረኛው ይደርሳል፤ እረኛው ሳይቀመጥ ወንድሞቹ ይከተላሉ። የኖርዌይን 150 ሜትር እዚህ ለማስከበር መጀመሪያ ሕፃናቱን ማሳመን ያስፈልጋል። የድስት ማጠቡ ሥራም በዝምታ በሚከታተል ሸንጎ ፊት ይከናወናል።

ሸንጎው የሚያየው የሚሸጠው ሸቀጥ የሌለውን ነጋዴ፣ ለቅሶም ሠርግም የማይደርስን መንገደኛ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ቤት እያለ ሜዳ ላይ ማደሩ ነው። ለመሸበት ሰው የአገሬው ሥርዓት የታወቀ ነው፤ አጥር ጥግ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። እግሩ ይታጠባል፣ እራት ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ይህ አሠራር ድንኳኑን፣ ምድጃውንና ፍራሹን በአንድ ጊዜ ያስቀራል፤ ቁንጫውን ሳንቆጥር ክፍያው ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ወልደሃል ወይ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ መስጠት ብቻ ነው። ሠላሳ ኪሎ ጭነት ተሸክሞ አገር የሚያቋርጠው ሰው ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ኪሎው ይቀልለኛል ያለ ይመስላል።

ወገብ መሞከርን የሚመለከተው ክፍል ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል፤ እኛ በአጭሩ እናልፈዋለን። ሥነ ምግባሩ ከውሃ 60 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ በትንሽ አካፋ ቆፍሮ መልሶ መቅበር ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ሽንት ቤት ሲያስቆፍሩ ኖረዋል፤ ብዙ ቀበሌ መግቢያው ላይ «ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነጻ የሆነ ቀበሌ» የሚል ሰሌዳ ተክሏል። ብስክሌተኛው አካፋውን ይዞ ሰሌዳውን ሲያልፍ የአንድ ቀበሌ የዓመታት ልፋት አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህ የነጻነት ጉዳይ ሳይሆን የሪፖርት ጉዳይ ነው።

ሰውየው ደስ ብሎት ነው የሚሠራው የሚል ተቃውሞም አለ። እናምናለን፤ ደስ ብሎት የሚታጠብ ድስት ግን ድስት መሆኑን አይተውም። ይልቅ ደስታው ከየት እንደመጣ ቢጠየቅ ይሻላል። በአገሩ ውሃውን ቧንቧ፣ ልብሱን ማሽን፣ ምግቡን ምግብ ቤት ወስደውበታል፤ የተወሰደበትን ሥራ ለማስመለስ የዓመት ቁጠባውን ከፍሎ ከታይታኒየም የተሠራ ድስት ይገዛል። እሱ በሚወጣው ዳገት ላይ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ የምትወጣ እናት በየቀኑ ታልፈዋለች። የእሷ ጉዞ በመስኩ ጽሑፍ ውስጥ እስካሁን ምድብ አልተሰጠውም፤ ድስቷም ብረት ድስት ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ሁለት ሆነው ከሚጓዙት የሚመጣ ነው፤ ሥራው ለሁለት ሲከፈል ይቀልላል ይላሉ። ያወጣነው ሕግ ይህን አይደግፍም። ሥራው ያው ነው፤ የተጨመረው ውሃ የመቅዳቱ ተራ የማን ነው የሚለው ነው። ድንኳኑ አንድ፣ ከረጢቱ ስምንት፣ የቀረችው ውሃ ግማሽ ሊትር፣ በአቅራቢያው ያለው ከተማ 80 ኪሎ ሜትር በሚርቅበት ሁኔታ ስለሚነሳው ክርክር ይህ ጥናት አስተያየት ለመስጠት ብቃት የለውም፤ መዝገቡን ለቤተሰብ ሕግ ባለሙያዎች መርተነዋል።