ያው

«ያው! ያው፣ ና እንጂ፣ ሊያልቅ ነው!»

የምትጣራው ዋቺ የምትሸጥልኝ አንቲ ናት። ዋቺ ማለት ሩዝና አደንጓሬ ከማሽላ ቅጠል ጋር ተቀቅሎ ቡኒ እስኪሆን የበሰለ ነው፤ አክራ ውስጥ ጠዋት እሱን ሳይቀምስ የወጣ ሰው፣ እኛ ዘንድ ቡና ሳይጠጣ እንደወጣ ሰው ይታዘንለታል። አንቲ ሰፊውን ቅጠል መዳፏ ላይ ዘርግታ ሩዙን በጭልፋ ትጥልበታለች፤ ከላይ ጥቁሩን የሚያቃጥል ሺቶ፣ ከካሳቫ የሚሠራውን ጋሪ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በመጨረሻ ፓስታ። ፓስታውን «ታሊያ» ይሉታል። «ታሊያ ልጨምርልህ?» ስባል፣ የአርበኛ የልጅ ልጅ ነኝና ትንሽ አመነታለሁ። ከዚያ እበላለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ገንዘቡን በግራ እጄ ብዘረጋላት እጇን ሰብስባ ዛፉ ላይ ያለ ወፍ ማየት ጀመረች። ሰልፈኛው ሁሉ እኔን ያያል፣ እኔ ብሩን አያለሁ፤ ተቀዶ ይሆን እንዴ? በኋላ ነው አንዱ ጆሮዬ ላይ «ቀኝ እጅ» ያለኝ። እሱንም ለመድኩ፤ አሁን በግራዬ ትንኝ እንኳ ስመታ ዙሪያዬን አይቼ ነው።

ያልለመድኩት ስሜን ነው።

መቼም አማርኛ የምታነቡ ሰዎች ናችሁና ሕመሜ ይገባችኋል። «ያው» እኮ ስም አይደለም፤ ትከሻ ነው። «እንዴት ነህ?» ሲሉን «ያው»። «ሥራስ?» «ያው»። «ትዳርስ?» «ያው እንግዲህ»። ደሞዝ ያልተጨመረለት፣ ኮንዶሚኒየም ያልደረሰው፣ የጥርስ ሕመሙ ያልተሻለው ሁሉ በሁለት ፊደል ተንፍሶ የሚያልፍበት ቃል ነው። እኔ የቢጫ ወባ ካርድ ይዤ፣ ቪዛ ለምኜ፣ እናቴን አስለቅሼ፣ አህጉር አቋርጬ የመጣሁት ለመለወጥ ነበር። በየጠዋቱ አንዲት ሴት በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ምንም ያልጨመርከው! ያው የትናንቱ!» ስትለኝ እንዴት ልቻለው?

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ፓስፖርቴ ላይ ሦስተኛው ስም የአያቴ ነው፤ ፎርም የሚሞሉ ሰዎች ደግሞ የመጨረሻውን ስም ይወዳሉ። በዚህ የተነሳ በዕድሜው ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያልሄደው አያቴ በክፍል ስም ጥሪ ላይ ሰኞና ረቡዕ ይጠራል፣ እኔ ስለሱ እጄን አወጣለሁ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አዘነልኝና «የምን ቀን ልጅ ነህ?» አለኝ።

«ኖቬምበር 21።»

«ቀኑን ነው የጠየቅኩህ።»

«ነገርኩህ እኮ፤ ኖቬምበር 21። በእኛ ኅዳር 12፤ ሚካኤል።»

«ወንድሜ፣ ሰኞ ነው? ማክሰኞ ነው?»

ዝም አልኩ። እናንተም ዝም ትላላችሁ። የተወለድንበትን ታቦት እናውቃለን፣ ዝናብ ይዘንብ እንደነበር እናውቃለን፣ አባታችን የት ሄዶ እንደነበር ሳይቀር እየተነገረን ነው ያደግነው፤ ሰኞ ይሁን ማክሰኞ ግን ማን ይጠይቃል? እሱ ግን የአባቱ ስም የጠፋበት ሰው እንዳየ ሆኖ ቀረ።

የእሱ ወገኖች በሆኑት በአካኖች ዘንድ ሕፃን ከነስሙ ነው የሚወለደው። የነፍስ ስም ነው፣ «ክራዲን» ይሉታል። የሰኞ ወንድ ኮጆ፣ የማክሰኞው ክዋቤና፣ የረቡዑ ክዋኩ፣ የሐሙሱ ያው፣ የዓርቡ ኮፊ፣ የቅዳሜው ክዋሜ፣ የእሑዱ ክዋሲ ነው። ሴቶቹም የየራሳቸው አላቸው፤ የቅዳሜዋ አማ ስትሆን የእሑዷ አኮስዋ ናት። የአክራ ነባሮች ጋዎች እንኳ በዚህ አይሰይሙም፤ እነሱ በትውልድና በልደት ተራ ነው የሚሄዱት። እኔ ግን የጋዎች አገር ገብቼ አካን እጅ ወደቅሁ።

ጓደኛዬ ስልኩን አወጣ፣ የ2002ን ካሌንደር ወደኋላ ገፋ ገፋ አደረገና ጮኸ፦ «ሐሙስ! ያው ነህ!»

በሳምንቱ ግቢው ሁሉ ሰምቷል።

የቀኑ ስም ጠባይም ይሰጣል። ጓደኛዬ የረቡዕ ልጅ ነው፤ የረቡዕ ልጅ ቁጡ ነው ይባላል። ይህን የአሮጊት ወሬ ብዬ ልተወው ስል፣ ጉስታቭ ጃሆዳ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ ጉዳዩን በቁም ነገር ይዞት አገኘሁ። የኩማሲን ጥፋተኛ ወጣቶች መዝገብ አገላብጦ፣ ረቡዕ የተወለዱት ልጆች ከድርሻቸው በላይ ሆነው አገኛቸው፤ ጭምት የሚባሉት የሰኞዎቹ ደግሞ አነሱ። ልጁ ክፉ ሆኖ ነው ወይስ ክፉ ነህ እየተባለ አድጎ? ጓደኛዬ ጥያቄው አያስጨንቀውም፤ በሩን ባጋጨ ቁጥር «ሳይንስ ነው» ይላል።

ታዲያ እኔም የሐሙስ ጠባይ ይኖረኝ ይሆን ብዬ ራሴን መመርመር ጀመርኩ። ጦርነት ላይ ደፋር ነው አሉኝ። እኔ ገና ትሮትሮ ውስጥ እንኳ ረዳቱን «መልስ ስጠኝ» ማለት አልደፈርኩም። (ትሮትሮ የእኛው ሚኒባስ ነው፤ ረዳቱ «ሰርክ! ሰርክ! ሰርክ!» እያለ ወደ ንክሩማ አደባባይ ሲጣራ ዓይኔን ከጨፈንኩ መገናኛ ነኝ።)

ንክሩማን ካነሳሁ አይቀር፣ ያበረታኝ እሱ ነው። ክዋሜ ንክሩማ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ የቅዳሜ ልጅ ነው። የተወለደበትን ዓመት ግን አያውቀውም ነበር! ክርስትና ያነሳው ቄስ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1909 ብሎ መዘገበለት፤ እናቱ ደግሞ ከተወለደ ወዲህ የተከበሩትን የአገራቸውን ዓመታዊ በዓላት እየቆጠረች 1912 ነው ባይ ነበረች። ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ ካሌንደሩን ቢያየው የቄሱ ቀን ቅዳሜ ላይ አልዋለም፤ ማክሰኞ ነው። ስለዚህ ቀኑን ወደ ሴፕቴምበር 18 ሳብ አደረገው። ልብ በሉ፤ ቄሱ ሊሳሳት ይችላል፣ እናት ልትረሳ ትችላለች፣ ቅዳሜ ግን አይነካም። ያ ሰውዬ ዓመቱ ጠፍቶት ቀኑን ይዟል፤ እኔ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ታቦቱን ይዤ ቀኑ ጠፋኝ። ሁለታችን ብንደመር አንድ ሙሉ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣን ነበር።

እናትን ጠይቆ ማስተካከል እንደሚቻል ከእሱ ተማርኩና እሑድ ጠዋት ደወልኩ። እኔ ጋ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ሆኖ ከቅዳሴ ተመልሰው ቡና ላይ ናቸው።

«እማዬ፣ እኔን ስትወልጂ ቀኑ ምን ነበር?»

«ሚካኤል ነዋ የኔ ጌታ፤ ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«አይ፣ ሰኞ ማክሰኞ እያልሽ ንገሪኝ።»

እናቴ ትዝታ ከጀመረች ታክሲ ናት፤ ሳትሞላ አትነሳም። ኅዳር ሲታጠን ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ቆሻሻውን በየደጁ ቆልሎ ያቃጥላል፤ ይህን ሥርዓት የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ከተማውን ካራገፈ ወዲህ አልተውነውም። ጭሱ በመስኮት ይገባል፣ እሷ ታምጣለች፣ አክስቴ ትስላለች፣ አባቴ መኪና ፍለጋ እንደወጣ ቀርቷል። ሦስት ስኒ ከተጠጣ በኋላ ወደ ጉዳዩ ደረሰች፦

«ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ። ስምንት ሰዓት ላይ። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር፣ ሳየው ነበር።»

ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት! በፈረንጅ ሁለት ሰዓት፣ ዓርብ! እኔ ያው አይደለሁም፣ ኮፊ ነኝ! የኮፊ አናን ሞክሼ! የቡና አገር ልጅ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ያመጣል?

ጎረቤታችን እትዬ ግን ከወዲያ ጣልቃ ገቡ። ሌሊቱ ዓርብ ከተባለ ልጁ የሚካኤል አይደለም፣ የማግስቱ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ቀን ከዋዜማው ማታ ይጀምራል። እናቴ ስኒውን ስታስቀምጥ እስከ አክራ ተሰማኝ። «ሚካኤል ነው ያወጣኝ! ክርስትና ስሙስ? ገብረ ሚካኤል ነው እኮ!» እኔም የዚያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ለካ የቀን ስም ነበረኝ። ከጸሎትና ከፍትሐት በቀር ስለማንጠራው ረስቼው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አጎቴ ከሶፋው ሆኖ ይጮሃል፦ «አፍሪካ እንዴት ነው በይው! ደግሞ የአፍሪካ ስም አወጡለት እንዴ?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። አጎቴ የሚኖረው ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ከደጁ ወጥቶ ቀና ቢል የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ይታየዋል። መሪዎች በተሰበሰቡ ቁጥር መንገድ ተዘጋብኝ ብሎ የሚያማርረው እሱ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ የንክሩማ ሐውልት ቆሟል፤ ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ አንድ እንሁን ብሎ ለምኖናል። ታዲያ አጎቴ እስያ ነው የሚኖረው? ይቺ «አፍሪካ» የምትባል፣ ከቦሌ ቲኬት ተቆርጦ የሚኬድባት አገር የት ናት? ጋናዎች በ1957 ነፃ ሲወጡ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ከእኛ ነው የወሰዱት ብለን ደረታችንን እንነፋለን፤ ባንዲራውን የሚሰቅሉትን ሰዎች ግን «አፍሪካውያን» እንላቸዋለን፣ ያውም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ በአፍንጫና በፀጉር ልኬት። እዚህ ትሮትሮ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ቦታ ይለቅልኛል፣ ስለ አድዋ ይነግረኛል፣ እንደ ታላቅ ወንድም ልጅ ያየኛል። የታላቅ ወንድሙ ቤት ውስጥ ስለሱ ምን እንደሚባል ቢሰማ ወንበሩን መልስ ይለኝ ነበር። ስም አወጡለት እንዴ! የአጎቴ ስምስ የየት አገር ነው?

«ደህና ነው ጋሼ፤ አፍሪካ ሰላም ይልሃል» አልኩና ዘጋሁ።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልመጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ሻንጣዬ ላይ ተንበርክኬ በርበሬ በፌስታል እየቋጠርኩ፣ አንድ የአገር ቤት ጓደኛዬ ደውሎ የት ነህ ሲለኝ «አፍሪካ ልሄድ እየተዘጋጀሁ ነው» ብዬዋለሁ። በዚሁ አፌ።

ለማንኛውም የምሥራቹን ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነገርኩት። «ስምንት ሰዓት ሌሊት ነው የተወለድኩት።» «ከምሽቱ ስምንት? ሐሙስ ነዋ!» አለ። የእኛ ስምንት የእነሱ ሁለት መሆኑን፣ ቀናችን ከንጋት አንድ ብሎ እንደሚጀምር አስረዳሁት። ዋጋ እንደሚከራከር ገበያተኛ አየኝ። ቀጥሎ ወረቀት አወጣ።

«አዲስ አበባ ከአክራ በስንት ሰዓት ትቀድማለች?»

«በሦስት።»

«እዚያ ከሌሊቱ ሁለት ሲሆን እዚህ ስንት ነው?»

ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። የሐሙስ ምሽት አሥራ አንድ ሰዓት፣ በእኛ አምስት።

«ነፍስህ ስትነሳ እዚህ ሐሙስ ነበር» አለና እስክሪብቶውን ጣለ። ነፍስ በየትኛው አገር ሰዓት እንደምትሄድ ማን እንደሚወስን ብጠይቀው «እየመጣሁ ነው» ብሎ ወጥቶ ሄደ። እዚህ አገር ሰው ሲሄድ «እየመጣሁ ነው» ይላል። ልበሳጭ ስል የእኛ «መጣሁ» ትዝ ብሎኝ ተውኩት፤ አስተናጋጁ «መጣሁ» ብሎን የጠፋብንን ስንቱን ምሳ ስንቴ ጠብቀናል።

አንቲን ደግሞ ለማሳመን ሞከርኩ። ታሪኩን ከጭሱ ጀምሬ እስከ ሦስት ሰዓቱ ልዩነት አስረዳኋት፤ ከኋላዬ ሰልፉ ረዘመ። በጥሞና ሰማችኝ። «ታሊያ ልጨምርልህ፣ ያው?» አለች።

እንግዲህ በ1995 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ ተረኛ የነበራችሁ አዋላጆች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ አስታውሱልኝ፤ የማዋለጃ ክፍሉ የግድግዳ ሰዓት ልክ ነበር? ከአንድ ሰዓት በላይ ወደኋላ ይቀር ከነበረ በሁለቱም አገር ኮፊ ነኝ። እስከዚያው፣ ያው።