የቡፌ ብርጭቆ ፍልሰት፦ የሸጎሌ ናሙና

ሸጎሌ ውስጥ ቤት የለቀቀ ሰው ሁሉ ተሰባሪ ዕቃ እንዴት እንደሚታሸግ ያውቃል፤ ለምን እንደሚታሸግ ግን አይጠየቅም። ይህ ጥናት ያንን ይጠይቃል። አንባቢን በከንቱ ላለማጓጓት ዋናው ግኝት እዚሁ ይቀመጥ፦ ዕቃ የሚታሸገው ከስብራት ሳይሆን ከዓይን ለማዳን ነው።

አካባቢው ለጓዝ ባዕድ አይደለም። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር የቤተ መንግሥቱ ሰው የእንጦጦን ብርድ ሸሽቶ ወደ ፍልውሃ የወረደው ሸጎሌ ካለችበት ከጉለሌ አናት ነው። ያኔ ተሸካሚው በቅሎና ሰው ነበር፣ ዛሬ አይሱዙና ሰው ነው። የሰውየው ድርሻ አልቀነሰም። አይሱዙውም ጠዋት ከሸጎሌ የቁም ከብት ገበያ በሬ ሲያመላልስ አርፍዶ ከሆነ ወለሉ ላይ ጭድ አይጠፋም፤ ለብርጭቆ ከሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ሳይታሰብ የተገኘው ይሄ ብቻ ነው፣ የሚሠራውም እሱ ነው።

ለማሸጊያ ተብሎ የሚገዛ ነገር የለም። የሙዝ ካርቶን ከሱቅ ይለመናል፣ ማዳበሪያ ከጓዳ ይራገፋል፣ ሲባጎ ከጎረቤት ይመጣል። የቴሌቪዥኑ ካርቶን ለዚህ ቀን ተብሎ ቁምሳጥን አናት ላይ ዓመታት ቢቀመጥም ቀኑ ሲደርስ ብርድ ልብስ ሞልቶት ይገኛል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱ በቴሌቪዥን ካርቶን ይጓዛል።

የዓይን ጉዳይ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጫኝና አውራጆች ዋጋ የሚቆርጡት ዕቃውን መዝነው ሳይሆን መኪናውን አንዴ ዞረው አይተው ነው። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ካዩ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ይላሉ፤ ሒሳቡ እዚያው ጨመረ ማለት ነው። ይህን የምታውቅ እመቤት ምርጥ ሲኒዎቿንና የቡፌ ብርጭቆዎቿን በጋቢ አትጠቀልልም። በአሮጌ ቀሚስ ጠቅልላ የከሰል ማዳበሪያ ውስጥ ትከታለች፤ ወርቋን ሽሮ ጣሳ ውስጥ ትቀብራለች። ዘዴው አንድ እንከን ብቻ አለው፦ ተሸካሚውም ያምናል። ከሰል ነው ብሎ ማዳበሪያውን ከአይሱዙው ላይ ይወረውረዋል።

ጀበና ከዚህ ሕግ ነፃ ነው። እዚያው ጉለሌ ውስጥ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች በጀርባቸው አዝለው ገበያ የሚያወርዱት ይህ ርካሽ ሸክላ በጉዞው ቀን ጋቢና ውስጥ በባለቤቲቱ ጭን ላይ ይቀመጣል። በየቀኑ ቡና ይፈላበታላ! የቡፌው ብርጭቆ ግን ለእንግዳ ስለሆነ ማንም ጠጥቶበት አያውቅም፤ ከቡፌው የሚወጣው ቤት ሲለቀቅ ብቻ ነው።

ስለ ራሱ ስለ ቡፌው ሲነሳ የአክሱም ሐውልት ይጠቀሳል። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ ለሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን መጣ፣ በ2000 ዓ.ም. ተተከለ። ሸጎሌም ቡፌውን ይፈታል፤ ብሎኑን ፌስታል ውስጥ ይቋጥራል፣ ፌስታሉም ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ቡፌው ግድግዳ ተደግፎ ለመኖር ይገደዳል። ካልተፈታ ደግሞ አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ይቀረቀርና በገመድ በበረንዳ በኩል ይጎተታል፤ ከታች ሆኖ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» የሚለው ሰው ብዛት ከላይ ከሚጎትተው ይበልጣል።

ለብርጭቆ ደኅንነት እስካሁን የተሻለ የሠራው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ብርጭቆ የሚል ቃል ባያነሳም የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለደነገገ፣ ሲኒ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይወረወር ይቆያል። ለዕቃ የወጣ አይደለም እንጂ ለዕቃ ቢወጣ እንዲህ አይሳካም ነበር።

አዲሱ ቤት ሲደረስ ማዳበሪያው ይፈታል። ከስድስቱ ብርጭቆ አንዱ ተሰብሮ ይገኛል፤ እመቤቲቱ «ክፉውን ይዞብን ይሂድ» ብላ ስብርባሪውን ትጠርጋለች። አምስቱ ቡፌ ውስጥ ይደረደራሉ፣ በስድስተኛው ቦታ የፕላስቲክ አበባ ይቆማል። ቤት ለማየት የመጣው እንግዳ ውሃ ሲጠይቅ በፕላስቲክ ኩባያ ይቀርብለታል። ሽሮ ጣሳው ግን ገና አልተገኘም፤ ለድሮዋ ጎረቤት ተሰጥቶ እንዳይሆን እየተጠየቀ ነው።