ሁለት ጊዜ የዳነ ልጅ

ዓለም ክብደት መቀነስን ንግድ ካደረገው ወዲህ አንድ እውነት በብዙ ወጪ ተገኝቷል፤ የተመኙት ኪሎ ላይ መድረስ ቀላሉ ሥራ ነው፣ ከባዱ እዚያው መቆየት ነው። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ላይ በአማካይ 58 ኪሎ ያራገፉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ቢመረመሩ 41 ኪሎውን መልሰውት ተገኙ። ኬቨን ሆልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ይህ ጥናት ሰውነት ለቀድሞ ክብደቱ ምን ያህል እንደሚሟገት አሳየ። ስለዚህም ገንዘብ ያለው ሰው ዒላማው ላይ ሲደርስ ብቻውን አይለቀቅም፤ አሠልጣኝ፣ የምግብ አማካሪ፣ ሚዛኑን የሚመዘግብ ስልክ ይከተለዋል። በአማራ ክልል በሰቆጣና በመላው ዋግ ኽምራ ግን ይህ ሁሉ ግርግር አላስፈለገም። እዚህ ነገሩ በአንድ ቃል አልቋል፦ «ድኗል»። በእርግጥ ትንሽ ልዩነት አለ፤ የዋጉ ተመዛኝ ዒላማው ላይ የሚደርሰው ከላይ ወርዶ ሳይሆን ከታች ወጥቶ ነው፣ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም።

በምግብ እጥረት ለከሱ ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና ብልሃት ማንም አይክድም። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ባለቀለሙ የክንድ መለኪያ ቀዩን ያሳየ ሕፃን፣ ሌላ የከፋ ሕመም ከሌለበት፣ ሆስፒታል መተኛት ቀርቶለታል፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በቀበሌው ጤና ኬላ እየተመላለሰ ይታከማል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየሳምንቱ ትመዝነዋለች፣ እናቱም ፕላምፒነት የተባለውን የሕክምና ምግብ ይዛ ትሄዳለች። አንዷ እሽግ 92 ግራም ናት፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ትሰጣለች፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሳይ ተፈልስፋ ስንቱን ልጅ ከሞት አፍ አውጥታለች። ቀደም ባለው መመሪያ ልጁ ገና ሲገባ የሚወጣበት ኪሎ በካርዱ ላይ ይጻፍለት ነበር፤ ዛሬ ክንዱ 12.5 ደርሶ ከጸና አረንጓዴው በራለት ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ሽሙጡ የሚጀምረው ልጁ ከጤና ኬላው በር ሲወጣ ነው። የሚመለሰው ወደዚያው ጎተራ፣ ወደዚያው ሩቅ ምንጭ፣ ለእንጨትና ለውኃ ስትወጣና ስትወርድ ጡቷ ወደደረቀባት ወደዚያችው እናት ነው። ሕክምናው ልጁን ለወጠ፤ ያከሳውን ነገር ግን እንዳለ ተወው። ያ ነገርም ታጋሽ ነው፣ ልጁ እስኪመለስ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ የሒሳቡ ጥበብ ይገባል። ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መለኪያ አንድን የሕክምና ፕሮግራም የሚመዝነው በሦስት ቁጥሮች ነው፤ የዳኑት ከመቶ 75 በላይ፣ የሞቱት ከ10 በታች፣ ያቋረጡት ከ15 በታች ይሁኑ ይላል። ድኖ የተመለሰው ልጅ ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ ቦታ የለውም። በሚያዝያ የተሸኘው ሕፃን በነሐሴ ክንዱ መልሶ ሲቀላ መዝገቡ እንደ አዲስ ገቢ ይቀበለዋል፤ ሲያገግምም እንደ አዲስ ይድናል። አንድ ልጅ፣ ሁለት ስኬት! እንዲህ ያለውን ትርፍ የትኛውም ነጋዴ አያገኘውም። ልጁ በየክረምቱ ቢመላለስ ፕሮግራሙ በየዓመቱ ያድጋል፤ ጨርሶ ድኖ ቢቀር ግን ለሪፖርቱ የሚያዋጣው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የወረዳው አፈጻጸም እንዲያምር የሚሻ ኃላፊ የልጁን ቤት ባይነካ ይመረጣል።

የቀን መቁጠሪያውም ለዚህ ጥበብ ተባባሪ ነው። በዋግ ደጋ እህል የሚሰበሰበው ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ ጎተራው የሚራቆተውም ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ደግሞ የሕዝብ ሥራውንና ክፍያውን ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ስድስት ወራት አዋቀረ። ክፍያው በሰዓቱ ቢደርስ እንኳ የሚያበቃው ረሃቡ ሥራውን ሲጀምር ነው። ከዚያም «ምረቃ» የሚባል አለ፤ ሀብቱ ከተወሰነለት ልክ የደረሰ ቤተሰብ እንደ ተማሪ ይመረቃል። ሁለት ፍየልና አንድ ቀፎ ይዞ የተመረቀ አባወራ የዝናቡን ጠባይ አላስመረቀም፤ ዝናቡ አንድ ክረምት ቢቀር ፍየሎቹ ገበያ ይወጣሉ፣ ዲፕሎማው ግን ከቤት ይቀራል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. እርዳታ ተሰረቀ ተብሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የልማት ድርጅት በመላ አገሪቱ የምግብ እደላ ሲያቆሙ፣ ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ሕክምና እንዲቀጥል ተደረገ። ርኅራኄው ያስመሰግናል። በዚያው ክረምት ዝናብ በከዳቸው የዋግ ወረዳዎች፣ በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ፣ የልጁ እሽግ ሳይታጠፍ፣ የቤተሰቡ ስንዴ ለወራት ታጠፈ። እህል የሰረቀውን ለመቅጣት እህል ያልደረሰውን ማስራብ፣ ከዚያም ልጁ ሲከሳ እሽግ ይዞ መድረስ፤ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የማፍራት ዘዴ አልተገኘም።

«ችግሩ እኮ ዕውቀት ነው» የሚሉ አሉ። እናቶች ልጅ መመገብ አያውቁም፣ ስለዚህ የገንፎ ሠርቶ ማሳያ ይዘጋጅላቸው ይላሉ። ገንፎው ላይ እንቁላል ይመታበታል፣ ካሮት ይፈገፈግበታል፣ ዘይት ጠብ ይደረግበታል፤ እናቶቹም አጨብጭበው ይሄዳሉ። ትምህርቱ ከንቱ አይደለም፤ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ንጽሕና የሚነገረው ልጅ ያድናል። ነገር ግን እንቁላሏን ሸጣ ጨውና ማሽላ የምትገዛ እናት የጎደላት የእንቁላል ጥቅም አይደለም። ጥቅሙን አሳምራ ታውቃለች፤ የምትሸጠውም ስለዚሁ ነው።

ሌላው መከራከሪያ የበጀት ነው፤ ወረፋ አለ፣ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም። እውነት ነው፣ የዳነ ልጅ መሸኘት አለበት። ጥፋቱ መሸኘቱ አይደለም፤ መሸኘቱን የሥራው ፍጻሜ አድርጎ መዝገብ መዝጋቱ ነው። አንድን ልጅ በየዓመቱ እንደገና ማከም ደግሞ ወረፋውን አያሳጥርም፣ ያረዝመዋል። ሦስተኛው ወገን «ሕዝቡን ጠባቂ አታድርጉት» ይላል። ይህን የሚለው አካል ሕዝቡ በራሱ ማሳ እንዲቆም የሚያስችለውን መስኖ ሲጠየቅ በጀት የለም የሚል ከሆነ፣ ጠባቂነቱን የሚያሳድገው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በየዓመቱ እሽግ ከመጠበቅ የባሰ ጠባቂነት የለምና።

የሚያስገርመው፣ መልሱ ከተጻፈ ቆይቷል፤ የተጻፈውም በዚሁ ከተማ ስም ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ያወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገባ። ቃል ኪዳኑ የሚለካው ኪሎን ሳይሆን ቁመትን ነው፤ ይህም ልዩነት ሁሉንም ነገር ይናገራል። የጠፋ ኪሎ በሁለት ወር እሽግ ይመለሳል፤ ልጁ እየከሳና እያገገመ ያሳለፋቸው ክረምቶች የቀሙት ቁመት ግን በአብዛኛው አይመለስም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከመቶ 46ቱ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ ይህም በዚያ ጥናት ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ቃል ኪዳኑ ለዚህ ነው ጤናን ከግብርና፣ ከውኃ፣ ከትምህርትና ከሴቶች ጉዳይ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ያስቀመጠው። ጠረጴዛው አለ፤ ችግሩ ጤና ኬላው መዝገቡን ሲዘጋ ሌሎቹ ገና ወንበር እየሳቡ መሆናቸው ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ትንሽ ነው። በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ «ከተሸኘ ከስድስት ወር በኋላ እንዴት ነው?» የሴፍቲኔቱ ክፍያ ሕፃን ላገገመበት ቤት እስከ መስከረም ይዝለቅ። «ዳነ» የሚለው ቃልም ልጁ አንድ ክረምት ሳይከሳ እስኪያልፍ ድረስ አይጻፍ። ዓምዱ የሚፈጀው ከጣት ያልሰፋ ወረቀት ነው። እስካሁን ያልተጨመረው ወረቀት ጠፍቶ አይደለም፤ አንዴ ከተጨመረ የሚሞላበት ቁጥር ተጠያቂ የሚያደርገው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ሳይሆን ግብርናን፣ ውኃንና ገንዘብ ያዡን ስለሆነ ነው።